ጡረታ የወጣው እሱ፣ ሥራ የበዛብኝ እኔ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምትጽፍልኝ ደብረ ብርሃን የምትሠራው ልጄ ናት፤ እኔ በስልክ እየነገርኳት ነው። ዕድሜዬ 57 ነው። የምኖረው መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ የሁለት ሰዓት ያህል በእግር ገባ ይላል።

ባለቤቴ 38 ዓመት በመምህርነትና በርዕሰ መምህርነት አገልግሎ አምና በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ሲያስተምር የኖረው ራቅ ባለ ቦታ ነው፤ መርሐቤቴ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሸዋ ሮቢት አካባቢ። ቤት የሚመጣው ለበዓልና ለክረምት ነው። ክረምቱንም ቢሆን ስንት ዓመት በክረምት ትምህርት አሳልፎታል። ሲመጣ ዶሮ ይታረዳል፣ አልጋው ላይ ደህናው ባና ይነጠፋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ከዚያ ይሄዳል። መሬቱን፣ ከብቱን፣ አራቱን ልጆች የያዝኩት እኔ ነኝ።

አሁን ከቤት አይወጣም። ጠዋት በርኖሱን ደርቦ፣ ደጅ መደቡ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ ደብተር ይዞ ይቀመጣል። ዶሮዎቹ የጣሉትን እንቁላል ይመዘግባል። «ትናንት ሰባት ነበር፤ ዛሬ ሁለት ነው ያለው። አምስቱ የት ገባ?» ይለኛል። እንቁላል እኮ የጨውና የቡና ነው! ከ30 ዓመት በላይ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እንጀራ ስጋግር መጥቶ «ኩበቱ በዛ» ይላል። ወተት ስገፋ መጥቶ ይቆማል።

የባሰው ግን መሬቱ ነው። የአባቴ ውርስ ነው፤ የይዞታ ደብተሩም በስሜ ነው። የሟች እህቴ ልጅ በእኩል ያርሰዋል። በሬ አለው፣ ጉልበት አለው፣ አንድ ቀን እህል አጉድሎብኝ አያውቅም። ባለቤቴ ግን «እኩሌታውን ለሰው እየሰጠን እኛ ምን እንበላለን? ተቀብለን ባሕር ዛፍ እንተክልበታለን» ይላል። ለችግኝና ለአጥር ሽቦ ብሎ አራት እናት በጎች ሊሸጥ ነው። ልጁ ወሬውን ሰምቶ በደጃችን ማለፍ ትቷል። ድሮ «እትዬ ቡና የለም?» ሳይል አያልፍም ነበር።

ባለፈው በጣም ተናደድኩና «አንተ ስለ እርሻ ምን ታውቃለህ?» አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አኩርፏል። ደብተሩን ግን አልተወም። ሌሊት ሌሊት ተነስቶ ይቀመጣል። ጢሙን መላጨት ትቷል። ገበያም አይወጣም። ጎረቤቴ «ሽማግሌ ይግባ» ትላለች። ልጄ «ትተሽው እኔ ጋ ነይ» ትላለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቤቴን ትቼ የት እሄዳለሁ? ግን በገዛ ቤቴ ሠራተኛ ሆንኩ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

እመቤቲቱ ነኝ፣ ከመንዝ

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንቁላሉ ጋ ስደርስ ሳቅኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በገጠራችን የእንቁላል፣ የቅቤና የፈትል ብር የእመቤቷ ነው። ባል መኖሩን ያውቃል፣ አይጠይቅም። ጨው ያለቀ ቀን፣ ልጅ እስክሪቢቶ ያጣ ቀን፣ ለለቅሶ ቤት ይዛ የምትሄደው የቸገራት ቀን የምታወጣው ከዚያ ነው። ያንን ብር ደብተር ላይ ማስፈር ማለት ከ30 ዓመት በላይ የታመነችን ሴት «እስቲ ሒሳብሽን አቅርቢ» ማለት ነው። ቢከፋዎት አይገርምም። «በገዛ ቤቴ ሠራተኛ ሆንኩ» ያሉትም የተጋነነ አይደለም።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ታየኝ። ከተጋባችሁ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗችኋል። አብራችሁ መኖር የጀመራችሁት ግን አምና ነው። ከዚያ በፊት እሳቸው ለበዓል የሚመጡ፣ ዶሮ የሚታረድላቸው ሰው ነበሩ። የትኛው ማሳ ውርጭ እንደሚመታው፣ ሰነፍ ቆሎ ለሚባለው ገብስ የትኛው ጥግ እንደሚሻል፣ የትኛዋ በግ መንታ እንደምትወልድ በዚያ ዓይነት ኑሮ አይታወቅም። እርስዎም ሥራ ሲፈቱ እንዴት ያለ ሰው እንደሚሆኑ የማየት ዕድል አላገኙም፤ ሥራ ፈትተው አያውቁማ። አዲስ ሙሽሮች ናችሁ ብል ይስቁብኝ ይሆናል፤ ግን ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ቆጠራው ከየት መጣ? እስቲ ሒሳቡን እኛም እንየው። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ አበሉ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 38 ዓመት ላገለገለ ሰው 65 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። ከለመዱት ደመወዝ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው በአንድ ወር ውስጥ ጠፋ። የዘይትና የማዳበሪያ ዋጋ ደግሞ ጡረታ አልወጣም።

በዚያ ላይ እሳቸው በቤቱ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ያ ደመወዝ ነበር። እርስዎ ያሳርሳሉ፣ ያረባሉ፣ ያሳድጋሉ፤ እሳቸው ይልካሉ። አሁን የሚልኩት ቀነሰ፣ የሚልኩበትም ሩቅ ቦታ የለም። ቤት ሲገቡ ሁሉም ሥራ ባለቤት አለው። ጓዳው የእርስዎ፣ ማሳው የእህትዎ ልጅ፣ በጎቹ የእረኛው። የቀረው ምንድን ነው? መቁጠር! እንቁላል የሚቆጥሩት እርስዎን ስለማያምኑ ነው ብዬ አላስብም። የፈሩ ይመስለኛል። ቢፈሩም ግን ጓዳዎ ውስጥ ገብተው እንዲቆጣጠሩ ፈቃድ አይሰጣቸውም።

እስቲ ጥቂት ልጠይቅዎ። የጡረታ አበላቸው በትክክል ስንት እንደሆነ ነግረውዎታል? እርስዎስ ከመሬቱና ከበጎቹ በዓመት ምን ያህል እንደሚገባ ነግረዋቸው ያውቃሉ? በብዙ ቤት ሚስት የባሏን ጡረታ፣ ባልም የሚስቱን ገቢ የሚያውቁት በግምት ነው። ግምት ደግሞ ሌሊት ሌሊት ያድጋል። ሌላም ልጠይቅዎ፤ ከትምህርት ቤቱ ሲወጡ ጋቢ ተደርቦላቸው፣ ተመስግነው ነው የመጡት? ወይስ ደብዳቤያቸውን ተቀብለው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ዝም ብለው መኪና ተሳፈሩ? መልሱን እኔ ባላውቀውም እርስዎ ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን የሌሊቱ ነገር ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ጢም መተው፣ ገበያ መቅረት አንድ ላይ ሲመጡ ኩርፊያ ብቻ ላይሆን ይችላል። ምግብ እንዴት ናቸው? «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ»፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ይወጣቸዋል? እንዲህ ያለ ነገር ከሰሙ ነገ ዛሬ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ወይም መሐል ሜዳ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ባይሉም ግፊትና ስኳራቸውን ቢታዩ መልካም ነው። ሌሊት መነሳቱ የሽንት መመላለስ ሊሆንም ይችላል። በዚህ ዕድሜ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ የተለመደ ነው፤ ስኳርም ያመላልሳል። ይህን ለሚስቱ አፍ አውጥቶ የሚናገር ወንድ ደግሞ ጥቂት ነው። ብርዱንም አይርሱት፤ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት የለመደ ገላ የመንዝን ኅዳር እንዲህ በቀላሉ አይችለውም። «አእምሮህ ተጨንቋል፣ ሐኪም ቤት ሂድ» ካሏቸው እምቢ ይላሉ። «ወገቤን ልታይ ነው፣ አብረኸኝ ሂድ» ቢሏቸው ግን የሚከለክላቸው የለም። እዚያ ከደረሱ በኋላ ሁለታችሁም ትታያላችሁ።

አሁን ወደ መሬቱ። እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ባለቤትዎ የባሕር ዛፉን ነገር ዝም ብለው አላመጡትም። 60 ዓመት ለሞላው ሰው በየዓመቱ የማይታረስ፣ የማይታረም፣ ሲቆረጥ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ነገር ያጓጓል። አጣናው ይሸጣል፣ ቅርንጫፉ ማገዶ ይሆናል፣ ኩበቱም ለማሳው ይተርፋል። ችግሩ ቦታው ላይ ነው። እህል ማሳ ላይ የገባ ባሕር ዛፍ ውኃውን ይስበዋል፣ ሥሩ ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል፣ አጠገቡ ያለው ገብስ ይቀጭጫል፣ ጎረቤትም ይጣላል። ለአጣና እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅ አለ። እስከዚያ በሶው ከየት ይመጣል? ቆይቶ «ተሳስተናል፣ እንንቀለው» ቢባልም ጉቶው በቀላሉ አይወጣም።

ስለዚህ «አይሆንም» ከማለት «የት?» ቢሉ ይሻላል። ማረሻ የማይገባው ድንጋያማ ተዳፋት የላችሁም? ጎርፍ የሚበላው ጥግስ? ካለ እዚያ ይትከሉ። ጉድጓዱም ችግኙም አጥሩም የእሳቸው ይሁን፤ እርስዎ አይግቡበት። ችግኝ የሚተከለው ክረምት ሲገባ ነውና ለመመካከር ጊዜ አላችሁ።

የእህትዎ ልጅ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። ደጅ መሸሽ የጀመረ ሰው ወሬውን በልቡ አብስሎታል። «የዘራኸውን አንተው ታጭዳለህ፣ አውድማው እስኪነሳ የሚለወጥ ነገር የለም» የሚል ቃል ከእናንተ መስማት አለበት። ከእናንተ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ከባለቤትዎ ጀርባ ብቻዎን ካሉት ይብሳል። ባለቤትዎ «እኩሌታውን ለሰው እንሰጣለን» ሲሉ በሬውንና ጉልበቱን አልቆጠሩትም። ይቁጠሩት! ሰው ቀጥሮ፣ ጥማድ በሬ ተከራይቶ፣ ዘርና ማዳበሪያ ገዝቶ ማረስ ምን ያህል ያወጣል? ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ይጻፉት። ቁጥሩ ይናገር፤ እርስዎ አይከራከሩ። ሲስማሙ ደግሞ ውሉ ማን ዘር እንደሚያወጣ፣ ማን ማዳበሪያ እንደሚገዛ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ በጽሑፍ ይሁን፤ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ። በቃል ብቻ የቆየ ነገር አንዳችሁ የታመማችሁ ቀን ጭቅጭቅ ይሆናል። ጸሐፊው እሳቸው ይሁኑ፤ ከእሳቸው የተሻለ የእጅ ጽሑፍ ያለው በቀበሌው ያለ አይመስለኝም።

የይዞታ ደብተሩ በስምዎ መሆኑን ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ በጠብ መሐል «መሬቱ የኔ ነው» የሚለውን ቃል አያውጡት። እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም በቀላሉ አይወስደውም፤ ዝም ማለት የሚችለውም እንዲህ ያለ ዋስትና ያለው ሰው ነው። «ስለ እርሻ ምን ታውቃለህ» ያሉትም እኮ ሐሰት አልነበረም። ምን እንዳደረጋቸው ግን አይተዋል።

የእንቁላል ደብተሩን ደግሞ ለማስጣል አይታገሉ፤ አይተዉትም። ወደ ሌላ ነገር ቢያዞሩት ነው የሚሻለው። እዚያው መንዝ ውስጥ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከገበሬው ጋር ያካሄደው የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ የቆመው በመዝገብ ላይ ነው። ግልገሉ መቼ ተወለደ? እናቱ የትኛዋ ናት? ሲወለድ ስንት መዘነ? ጡት ሲጥልስ? ይህ ሲጻፍ ነው ጥሩው አውራ የሚታወቀው። ካልተጻፈ ግን ቶሎ ያደገው ቶሎ ይሸጥና ለዘር የሚቀረው ኮስማናው ይሆናል። ይህን ከባለቤትዎ የተሻለ ማን ይሠራዋል? በልጉ የጀመረበትን ቀን፣ በረዶ የወረደበትን፣ ውርጭ ገብሱን የመታበትን ሌሊትም ይጻፉ። ሁለት ሦስት ዓመት ሲጠራቀም የእህትዎ ልጅ ራሱ «ጋሼ፣ አምና በልጉ መቼ ነበር የገባው?» ብሎ ሊጠይቃቸው ይመጣል።

ከቤት ውጪም ሥራ አይጠፋም። በአካባቢያችሁ ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ካሉ፣ ከሰዓት በኋላ ጥቂቶቹን ደጅ ላይ ሒሳብ ማስጠናት ለእሳቸው ቀላል ነው። እድሩም መዝገብ ያዥ ሳያስፈልገው አይቀርም። ግን እርስዎ «ሂድና ይህን ሥራ» አይበሏቸው። ሰው እንዲጠይቃቸው ያድርጉ። 38 ዓመት ሲጠየቅ የኖረ ሰው «ሥራ ስጡኝ» ብሎ ደጅ አይጠናም። ለእድሩ ዳኛ ወይም ለአንዲት የተማሪ እናት በእርስዎ በኩል አንዲት ቃል ብትደርስ ይበቃል፤ ከየት እንደመጣች ባይታወቅም ይመረጣል።

ንግግሩን ምሽት ላይ አይጀምሩት፤ ሁለታችሁም ደክማችኋል። ልጁ ወይም ጎረቤት ባለበትም አይሁን። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እንዲህ ቢሉስ? «ያን ቀን የተናገርኩህ ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ግን አንተ ትምህርት ቤት ስትመራ እኔ መጥቼ ጥቁር ሰሌዳህን ነክቼ አላውቅም። እንቁላሉን፣ ቅቤውን፣ ጓዳውን ለኔ ተውልኝ። መሬቱንና በጎቹን ቁጭ ብለን እንምከርበት። ጡረታህ ስንት እንደሆነ ንገረኝ፣ እኔም ያለኝን እነግርሃለሁ።» ከዚህ በላይ አይጨምሩ። ብቻዎን ልጅ ያሳደጉበትን፣ ብቻዎን ምጥ የተቀመጡበትን ዘመን ሁሉ ያን ቀን አይዘርግፉት፤ ቀን ይመጣለታል። ዝም ካሉ እርስዎም ዝም ብለው ሦስተኛውን ይቅዱ። «ማን መከረሽ?» ቢሉ «ጋዜጣ ላይ ሰማሁ» ይበሏቸው፤ ውሸት አይሆንብዎትም።

ሽማግሌውን ለጊዜው ያቆዩት። ባለቤትዎ ራሳቸው ለሰው ሽማግሌ የሚሆኑ ሰው ናቸው። በእንቁላል ተከሰው ሽማግሌ ፊት ቢቀርቡ አይረሱልዎትም፤ መንደሩም እስከ ፋሲካ ሲስቅ ይከርማል። የነፍስ አባታችሁ ምስጢር የሚይዙ ከሆኑ ግን ለእሳቸው ቢያማክሩ ጥሩ ነው። እሳቸው ለጠበል ጠዲቅ እንደመጡ አድርገው ጨዋታውን ሊያነሱት ይችላሉ።

ደብረ ብርሃን መሄዱንስ? ለመኖር አይሂዱ፤ ለማረፍ ግን ይሂዱ። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ጊዜ መርጠው፣ «ልጄን አይቼ እመለሳለሁ» ብለው፣ የሚመለሱበትን ቀን ነግረዋቸው። እስከዚያ እሳቸው ጓዳውን ይያዙት። ለአንድ ምጣድ እንጀራ ስንት ኩበት እንደሚነድ ራሳቸው ይመዝግቡት። ይህ ግማሹ ቀልድ ነው።

ለምትጽፊው ልጅም አንድ ቃል አለኝ። የእናትሽን ብሶት ስለጻፍሽላት ደግ አድርገሻል። ዳኛቸው ግን አትሁኚ። ስትደውዪ «እማዬን አገናኘኝ» ብቻ አትበዪው። ስለ ሥራሽ፣ ስለ ቤት ኪራይሽ፣ ስለ አለቃሽ አማክሪው። ይህን የምታደርጊው እንዲጽናና ብለሽ ብቻ ከሆነ ይነቃብሻል፤ እውነት የሚያውቀውን ነገር ጠይቂው።

አራቱ በጎች ግን ይህ ሁሉ እስኪሆን አይጠብቁም። ከሚቀጥለው ገበያ በፊት፣ ቡናውም ባይደርስ፣ «እስክንመካከር እናት በግ አይሸጥ» ይበሏቸው። ከመሐላቸው ያረገዘች ካለች ደግሞ ለይተው ያሳዩዋቸው፤ ላያውቁ ይችላሉ። ለሽቦ የግድ ብር ካስፈለገና ሙክት ካላችሁ፣ አንዱን ሙክት ይዘው ይውጡ።